በእጅ የሚሳበው የፊት አክስል ካቦ፦ ከወራት በኋላ

ስለዚህ ዕቃ ልጽፍ ያሰብኩት አጭር ነገር ነበር። የመኪናዬ ፎር ዊል (የፊት ጎማዎቹም አብረው እንዲጎትቱ የሚያደርገው) አልገባ አለኝ፣ ይህን ገጠምኩ፣ ገባ፣ ተመስገን። በቃ። አሁን ግን ዋናው ወሬ እሱ አይደለም። ዕቃውን የገዛሁት የፊት ጎማዎቹ እንዲጎትቱልኝ ነው፤ የወደድኩት ግን እንዳይጎትቱ ማድረግ ስለሚችል ነው።

ከመጀመሪያው ላስረዳ። በአንዳንድ አሮጌ ፒክአፖች ላይ የፊቱ አክስል በቀኝ በኩል አንድ ወጥ ዘንግ አይደለም፤ ለሁለት የተከፈለ ነው። ሁለቱን ጫፎች የምታገናኝ ጥርስ ያላት ቀለበት አለች። ቀለበቷን የሚገፋት ሹካ ነው። ሹካውን ደግሞ ሞተሩ አየር ስቦ በሚፈጥረው ቫኪዩም የሚሠራ፣ ውስጡ ስስ ጎማ የተወጠረበት ቆርቆሮ ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2001 በተሠሩት ዶጅ ራሞች ላይ ይህ አሠራር አለ፤ በ1980ዎቹ ጂፕ ቼሮኪዎች ላይም ታገኙታላችሁ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በደረቅ መንገድ ስትሄዱ የፊቱ ካርዳን (ኃይል ወደ ፊት አክስል የሚያደርሰው ዘንግ) በከንቱ እንዳይሽከረከር ነው። ሼቭሮሌት እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣቸው ፒክአፖች ላይ ደግሞ በኤሌክትሪክ እየሞቀ የሚገፋ ነገር አደረገበት፤ ማርሹን አስገብታችሁ እስኪሞቅ ትጠብቃላችሁ። ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሙቀት መጠበቅን አስቡት።

ታዲያ ቀለበቷ ሳትገባ ስትቀር ነገሩ ያታልላል። ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን) ይገባል። በኔ መኪና ክሩስኮቱ ላይ ያለው መብራት የሚበራው ትራንስፈሩ ሲገባ ስለሆነ እሱም ቦግ ይላል። የፊቱ ካርዳን ይሽከረከራል። ጎማው ግን ወይ ፍንክች። ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚከፍለው ማርሽ) ኃይሉን የሚሰደው ወደ ቀለለው በኩል ነው፤ የቀለለው ደግሞ ያ ከምንም ጋር ያልተያያዘው ግማሽ ዘንግ ነው። እሱ ውስጥ ለውስጥ ብቻውን ይዞራል፣ እናንተ ነዳጅ ትረግጣላችሁ፣ የኋላ ጎማ ጭቃ ይረጫል። የግራው ጎማ ምንም ሳይጎድልበት አብሮ ሥራ ይፈታል።

ይህን ያላጤነ መካኒክ ትራንስፈር ያስወርዳችኋል። ከዚያ በፊት የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስይዙ፣ ሞተሩ እየሠራ ፎር ዊል አስገቡ፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፉ፣ የፊቱን በክሪክ አንሱና በደንብ ደግፉት። ከዚያ የቀኙን ጎማ በእጅ አዙሩት። የግራው በተቃራኒ ከዞረ አክስሉ ተያይዟል። የቀኙ ብቻውን ከተንሸራተተ ቀለበቷ አልገባችም፤ ትራንስፈሩን ተዉት።

የኔ ብቻውን ይንሸራተት ነበር። የቫኪዩሙ ቱቦ ባትሪው አጠገብ በሙቀት ተሰነጣጥቋል፤ በጣት ጫን ስትሉት እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። ቱቦ መቀየር ቀላል ነው፣ ቀየርኩ። ትንሽ ቆይቶ አዲሱ ቱቦ ውስጥ ዘይት አገኘሁ። ትራንስፈሩ ላይ ያለው የቫኪዩም ማብሪያ ዘይት ማሳለፍ ሲጀምር ቱቦው እየሳበ ይወስደውና ያንን ስስ ጎማ ያበላሸዋል። ስለዚህ የሚቀየረው አንድ ዕቃ ሳይሆን ሰንሰለት ነው፤ ማብሪያው፣ ቱቦዎቹ፣ ቆርቆሮው።

የዕቃ መሸጫው ሰውዬ ሲያወራ ይሰማኛል። «ወንድሜ፣ ኦርጅናሉን ግጠም፣ ሁለተኛ አታየውም። የእጅ ካቦ የድሮ ሰው ነገር ነው።» ጌታው፣ መኪናውም እኮ የድሮ ነው! ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የቤንዚን ሞተር ቫኪዩም የሚያንሰው መቼ ነው? ነዳጅ በኃይል ሲረገጥ። ነዳጅ በኃይል የምረግጠው መቼ ነው? ዳገት ላይ፣ አሸዋ ላይ፣ ፎር ዊሉ በሚያስፈልገኝ ሰዓት። በናፍጣ መኪናም ቢሆን ሞተሩ በራሱ በቂ ቫኪዩም ስለማይፈጥር ለብቻው ፓምፕ ይጨመርለታል፤ እሱም የሚበላሽ አንድ ሌላ ዕቃ ነው። እኔ የምፈልገው በእጄ ስስብ የሚሳብ ነገር ነው።

ዕቃው ራሱ ምንም ምሥጢር የለውም። ቆርቆሮው ይነሳል፣ በቦታው ካቦ የገባበት ክዳን ይታሰራል፣ ካቦው እስከ ጋቢና ይመጣና ጫፉ ላይ እጀታ አለው። ስትስቡ ሹካው ቀለበቷን ይገፋል። ስትመልሱ ይመልሳታል። «በአንድ ሰዓት ያልቃል» የሚለውን የካቦ ሻጭ ግን አትስሙት፤ እሱ በስዕል ላይ ነው የገጠመው። ክዳኑ ሲነሳ የአክስል ዘይት ይፈስሳል፣ መልሶ መሙላት አለ። ጋቢናውን መብሳት አለ። ካቦው ከጭስ ማውጫው መራቅ አለበት፣ በጠባብ መታጠፍ የለበትም። አክስሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ደግሞ ላላ ተደርጎ መተው አለበት። ቀኑ ይመሻል።

ከዚያ በኋላ ፎር ዊሉ ይገባል። ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም፤ የሚገባ ነገር ገባ ተብሎ አይወራም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ተሳቢ በኋላ ማርሽ አስገብታችሁ ታውቃላችሁ? በጠባብ ቦታ፣ በደረቅ መሬት፣ መሪውን ወዲያና ወዲህ እየጠመዘዛችሁ? የኋላ ማርሹ ለዚህ ሥራ ፈጣን ነው፤ ስለዚህ ፍሪሲዮን እያንሸራተታችሁ ነው የምትሠሩት። ሽታው ጋቢና ድረስ ይመጣል። ፎር ሎው (ዝግተኛውን የፎር ዊል ማርሽ) ብታስገቡ ዝግ ይልላችኋል፣ ግን በደረቅ መሬት ላይ መሪ ስትጠመዝዙ የፊትና የኋላው ይጣላሉ፤ መኪናው ይታሰራል፣ ጎማው ይንጫጫል፣ ክሮቸራው (የካርዳኑ መጋጠሚያ) ያቃስታል።

በካቦው ግን ትራንስፈሩን ፎር ሎው አስገብቼ የፊቱን አክስል ሳላገናኝ እተወዋለሁ። ያኔ መኪናው በኋላ ጎማ ብቻ፣ ግን በዝግታው ማርሽ ይሄዳል። የፊቱ ካርዳን ይዞራል፣ ያ ግማሽ ዘንግ ውስጥ ለውስጥ ይዞራል፣ የፊት ጎማዎቹ ግን ነፃ ናቸው፤ መሪው እንደ ልብ ይታጠፋል። አያችሁት? ጭቃ ውስጥ ጥሎኝ የነበረው ብልሽት ራሱ ነው፤ አሁን ግን በፈቃዴ የማደርገው። ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ለቅቄ፣ ነዳጅ እንኳን ሳልረግጥ፣ ተሳቢውን እንደ ሕፃን እየመራሁ አስገባለሁ። ቫኪዩሙ ይህን አይፈቅድም፤ ትራንስፈሩ ሲገባ እሱም ተከትሎ ለማስገባት ይሞክራል።

ሻጩ ይህን አልነገረኝም። ሳጥኑ ላይም በትልቁ አልተጻፈም። ሻጭ የማይረባውን ሁሉ ሲያጋንን ይውልና ዋናውን ይረሳዋል።

አንድ ጥንቃቄ አለው። በዚያ ማርሽ ኃይሉ ሁሉ የሚወርደው በኋላው አክስል ላይ ብቻ ነው። ግንድ ለመንቀል ወይም ከባድ ነገር ለመጎተት አትጠቀሙበት፤ የኋላውን ዘንግ ትጠመዝዙታላችሁ። በዝግታ ለማስገባትና ለማውጣት ነው።

ሌላው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ጥርስ ይበላል። በሁለት ጎማ ስትሄዱ የፊቱ ካርዳን ቆሟል። የግራው ጎማ ግን ዘንጉን እያዞረ ነው፤ ስለዚህ በዲፈረንሻሉ በኩል የቀኙን ግማሽ ዘንግ ወደ ኋላ ያዞረዋል። የቀኙ ጎማ ደግሞ ወደ ፊት እየዞረ ነው። በዚህ ሰዓት ካቦውን ብትስቡ በተቃራኒ የሚሽከረከሩ ሁለት ጥርሶችን አንዱን ባንዱ ላይ ጫናችሁ ማለት ነው። ድምፁን መስማት አትፈልጉም። መጀመሪያ ትራንስፈሩ፣ ቀጥሎ ካቦው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ቆሞ ነው። ጥርሶቹ ካልተገጣጠሙ እጀታው መንገድ ላይ ይይዛል፤ አታስጨንቁት፣ ሳብ አድርጋችሁ ይዛችሁ መኪናውን ስንዝር ታህል አንቀሳቅሱት። ጠቅ ሲል በመዳፋችሁ ይሰማችኋል። መብራቱ የማይነግራችሁን እጃችሁ ይነግራችኋል።

ሲወጣም አመል አለው። ጠንካራ መሬት ላይ ከነዳችሁ በኋላ ቀለበቷ በጭነት ተይዛ እምቢ ትላለች። ቀጥ ብላችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ሂዱ፣ ትለቃለች። ካቦውን በጉልበት መግፋት ካቦ ማጣመም ነው።

የማልወድለትን ላልደብቅ። የካቦው ጫፍ ላይ ያለው የጎማ ሽፋን የቀለደ ነው፤ ጭቃና ውኃ ያስገባል፣ ከዚያ ካቦው ይከብዳል። ግራሶ እየቀባሁ ነው የማኖረው። እጀታው ላይ የገባና የወጣ የሚል ምንም ምልክት የለም፤ ካቦው ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልያለሁ፣ ቀዩ ከታየ ገብቷል። መኪናውን ለሌላ ሰው ስሰጥ ደግሞ ስለ እጀታው ስብከት መስጠት አለብኝ፤ ሰው ሁሉ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ነገሩ እንዲያልቅ ይፈልጋል። እንደዚህ ለሚፈልግ ሰው፣ መኪናውም ቱቦው ብቻ ከተሰነጠቀበት፣ ቱቦውን ይቀይርና ይሂድ፤ ይህን ዕቃ አይግዛ።

እኔ ግን ቢሰበር ነገውኑ ሌላ እገዛለሁ። ምናልባት ይህን የምለው ዛሬ ተሳቢውን በአንድ ጊዜ ስላስገባሁ ይሆናል፤ በዝናብ ወቅት ካቦው ሲከብድብኝ ብትጠይቁኝ ኖሮ ሌላ ነገር ትሰሙ ነበር። ለማንኛውም ያን የጎማ ሽፋን የሚተካ ወፍራም ነገር የገጠመ ሰው ካለ ምን እንደተጠቀመ ይንገረኝ፤ እኔ የፍሬን ካቦ ሽፋን ልሞክር ነው፣ ስፋቱ የሚገጥም ይመስላል።