ግንዱ ወፍራም ነው ብላችሁ ጄድ እንዳትገዙ

ባለፈው ሐምሌ በ3,800 ብር የገዛሁት ጄድ የሚባል የቤት ተክል ሥር አልነበረውም። አንድም ሥር። ሌላ ሰው ብሩን ከመክፈሉ በፊት እንዲያነበው ብዬ ነው የምጽፈው።

እናቴ ጡረታ ስትወጣ ዕድሜ ያለው ነገር ልሰጣት ፈለግኩ። ጄድ፣ አንዳንዶች የገንዘብ ዛፍ የሚሉት፣ በደንብ ከተያዘ ከ50 ዓመት በላይ ይኖራል። ከእናት ለልጅ የሚተርፍ ተክል ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ግንዱ ክንድ የሚያህል አየሁ። ቅጠሉ ያብረቀርቃል። አፈሩ ላይ ነጭ ጠጠር ተነጥፎበታል። "እህቴ፣ ይሄ 20 ዓመቱ ነው። በየሁለት ቀኑ ውሃ አጠጪው፣ ሌላ ነገር አይፈልግም" አለኝ ሻጩ። አመንኩት። ላዳ ተኮናትሬ ልደታ፣ እናቴ ኮንዶሚኒየም ድረስ አቅፌው ሄድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ጀመረ። ሲነኩት ይፈርጣል። እናቴ ግንዱን ይዛ ሳብ ስታደርገው ሙልጭ ብሎ ወጣ። ጫፉ በመጋዝ የተቆረጠ ነው። ጠቁሯል፣ ይሸታል። ከትልቅ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ አፈር ውስጥ ተሰክቶ ነው የሸጡልኝ። ደግፎ ያቆመው ጠጠሩ ነበር፤ እርስ በርሱ በሙጫ ተጣብቋል። ማሰሮው ከታች ቀዳዳ የለውም። አፈሩ ዋልካ ነው። ቅጠሉንም ስጠርገው ጨርቁ ላይ ዘይት ቀረ።

ሱቁ ተመልሼ ስሄድ "ውሃ አብዝተሽበት ነው" አለኝ። እሱ ያለኝን ነበር ያደረግኩት። ደረሰኝ አልተቀበልኩም፣ ክርክሩ እዚያው አለቀ።

በጣም ያናደደኝን ነገር ልንገራችሁ። ጄድ የደቡብ አፍሪካና የሞዛምቢክ ተክል ነው። ውሃውን ቅጠሉና ግንዱ ውስጥ ያጠራቅማል። ውሃ እንዳያባክን ቀን የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘግቶ ማታ ይከፍታቸዋል። ስለዚህ ቅርንጫፉ ተቆርጦም ባጠራቀመው ውሃ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለመመለስ 15 ቀን ይሰጣል። እኔ ጉዱን ሳየው 15ቱ ቀን አልፎ ነበር።

እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠጠሩን አንሱት። የማይነሳ ከሆነ ትታችሁ ውጡ። ግንዱን ቀስ አድርጋችሁ ወዝውዙት። ሥር የያዘ ተክል አፈሩን ይዞ ይንቀሳቀሳል፣ የተሰካ ግን ብቻውን ይወዛወዛል። ማሰሮውን አንስታችሁ ቀዳዳውን እዩ። ደረሰኝ ደግሞ ተቀበሉ፣ ሻጩ ቢኮሳተርም። ቅርንጫፍ መሸጥ በራሱ ነውር አይደለም። ቅርንጫፍ ነው ተብሎ፣ በቅርንጫፍ ዋጋ ይሸጥ።

ውሃውን በተመለከተ፣ የምታጠጡት ጣታችሁን አስገብታችሁ አፈሩ እስከዚያ ድረስ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ስታገኙት ብቻ ነው። ክረምት ላይ የአዲስ አበባ ቅዝቃዜና እርጥበት ስላለ ከዚያም ቀንሱ። የተጨማደደ ቅጠል ጠማኝ ማለቱ ነው። ቢጫ ሆኖ የለሰለሰ ግን ውሃ በዝቶበታል። ድመት ወይም ውሻ ያላችሁ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ለእነሱ መርዝ ነው።

የእኛንስ? እናቴ አልጣለችውም። የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ድረስ ቆረጠችና ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ጥላ ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ ከግንባታ ቦታ በለመነችው ቀይ አሽና በጥቂት ኮምፖስት ተከለችው። ማሰሮው የቀለም ባልዲ ነው፣ በጋለ ሚስማር የበሳችው። ከ3,800 ብሩ ግንድ የተረፈው አንድ ስንዝር ነው። ባለፈው እሁድ ጫፉ ላይ ሁለት ትናንሽ ቅጠል አውጥቶ አሳየችኝ።