ባለ ሁለት ጭራው ብሮንኮ፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት

ከአዳማ ገበያ፣ ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት ሱቅ የገዛሁት የአውሮፕላን ሞዴል ነው። አካሉ ብረት፣ ክንፉና ጭራው ፕላስቲክ፣ ቀለሙ ነጭና ቀይ፤ ሳጥንም የአምራች ስምም የለውም። ሻጩ «ውኃ የሚረጭ የእሳት አደጋ አውሮፕላን ነው» ብሎ 2,500 ብር ጠራ፤ በ1,800 ተስማማን። የፊዚክስ መምህር ነኝና የፈለግሁት ለክፍል ነበር። የትምህርት ዘመኑን ሙሉ ከጠመኔ አቧራና ከተማሪዎች እጅ ጋር ሲታገል ከርሟል።

ማንነቱን ለማወቅ ቅርጹ ራሱ ይበቃል። ክንፉ ከአካሉ በላይ ነው። ከሁለቱ ሞተሮች ጀርባ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ኋላ ይዘልቃሉ፤ ጫፋቸው ላይ በቆሙት ሁለት ጭራዎች አናት ደግሞ አንድ አግድም ክንፍ ተጋድሟል። ሴስና ስካይማስተር የተባለው አውሮፕላንም ባለ ሁለት ቱቦ ስለሆነ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። የስካይማስተር ሞተሮች ግን አንዱ ከአካሉ ፊት፣ ሌላው ከአካሉ ኋላ ናቸው፤ የእኔው በየክንፉ አንድ አንድ ተሸክሟል። ማስመሪያ ስዘረጋ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 25 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በሞዴሎች ዘንድ በተለመደው የ1 ለ48 መጠን ሲባዛ ከ12 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ይህ የኦቪ-10 ብሮንኮ ክንፍ ነው፤ ኖርዝ አሜሪካን የተባለው ኩባንያ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው፣ በቬትናም ጦርነት ከላይ እየቃኘ ለተዋጊ ጄቶች ዒላማ ሲያመለክት የነበረው አውሮፕላን።

ነጭና ቀዩ ቀለም የመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። የግዛቲቱ የደን እሳት መከላከያ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 ከአሜሪካ ጦር የተሰናበቱ ብሮንኮዎችን ወስዶ ለሰደድ እሳት አሰማራቸው። ሻጩ ካለው በተቃራኒ ግን ውኃ አይረጩም። ከእሳቱ በላይ እየዞሩ የሚረጩትን አውሮፕላኖች ይመራሉ፤ አብራሪው ከፊት ይቀመጣል፣ ተመልካቹ ከኋላው። ለውትድርና የተቀጠረበት የማየት ሥራ አልተቀየረም ማለት ነው። ሞዴሉ ይህንን በሚገባ ያሳያል፦ የመስታወቱ ጎኖች ከአካሉ ወጣ ብለው አብጠዋል፤ ተቀምጦ ቀጥታ ወደ ታች ለማየት። ለእኔ የዚህ ዕቃ ትልቁ ዋጋ ያ መስታወት ነው። የጦር አውሮፕላን እንዴት ሲቪል ይሆናል ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ደግሞ ምሳሌው ከቤታችን አለ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረው ከአሜሪካ ጦር በተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነው።

ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ጠረጴዛ ላይ በጎማው ሲቆም አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ በጭራው ይቀመጣል። አምራቹ ከፊት ክብደት መጨመር ነበረበት፤ ቆጥቧል። ከሆዱ ሥር ያሉትን ብሎኖች በካቻቪቴ ፈትቼ አፍንጫው ውስጥ ሁለት ዳዶ አጣበቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የስበት ማዕከልን ለማስረዳትም እጠቀምበታለሁ። ማጣበቂያው ሱፐር ግሉ ከሆነ መስታወቱን አስቀድማችሁ አውጡት፤ ትነቱ ጥርት ያለውን ፕላስቲክ ነጭ ጉም ያለብሰዋል።

ይቅር የማልለው ጥፋት ፕሮፔለሮቹ ናቸው። በእውነተኛው ብሮንኮ የግራና የቀኙ ፕሮፔለር የሚዞሩት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ የአንዱን የመጠምዘዝ ኃይል ሌላው እንዲያጠፋው። ስለዚህ የምላሶቻቸው ጥምዘዛም እንደ ቀኝና ግራ ጫማ የተለያየ መሆን አለበት። የእኔ ሞዴል ሁለቱም ከአንድ ቅርጽ የወጡ ናቸው። እንደ እውነተኛው በተቃራኒ ቢዞሩ አንዱ ወደ ፊት ይጎትታል፣ ሌላው ወደ ኋላ ይገፋል። የከተማችን ልጆች ከኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች እያዩ ያደጉ ናቸውና ይህን ለመያዝ ጊዜ አልወሰደባቸውም፤ አንዷ ተማሪዬ እንዲያውም ከእኔ ቀድማ አየችው።

ሌላው ቀላል ነው። ክንፉ ላይ የተለጠፉት ቁጥሮች በመጋቢት ሙቀት ጠርዛቸው ተነሣ፤ ከመስኮት አጠገብ አታስቀምጡት። የግራው ቱቦ አንድ ጊዜ ተሰብሮ ተጣብቋል፣ እስካሁን ይዟል። ቀለሙ አልደበዘዘም።

ለመደርደሪያ ጌጥ ብቻ ለሚፈልግ 1,800 ብር ይበዛል፤ ለሚያስተምር ሰው አይበዛም። ሱቁ ውስጥ የወታደራዊው አረንጓዴ ቀለም ያለው ሌላ አንድ አለ። ለመግዛት የሚሄድ ሰው ከመከራከሩ በፊት በጎማው ያቁመው፣ ሁለቱን ፕሮፔለሮችም ጎን ለጎን ያስተያይ።