የጋራዥ በር ሞተር ከ14 ወራት አገልግሎት በኋላ፦ በሩ አልከፈት ባለኝ አምስት ጊዜያት የታዘብኩት

ከ14 ወራት በፊት፣ በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታችን የነበረውን አሮጌ የጋራዥ በር ሞተር አስነሥቼ፣ በቺንጊያ የሚሠራ፣ መጠባበቂያ ባትሪና የስልክ መተግበሪያ ያለው አዲስ ሞተር አስገጠምኩ። አሮጌው በካቴና የሚጎትት ስለነበረ በሩ በተነሣና በወረደ ቁጥር ከጋራዡ በላይ ያለውን የልጆቹን መኝታ ቤት ያንቀጠቅጠው ነበር። እኔ ደግሞ መንገደኞችን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የማመላልስ ሾፌር በመሆኔ አብዛኛውን ቀን ከቤት የምወጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። በዚህ በኩል አዲሱ ሞተር የተገዛበትን ዓላማ ሙሉ በሙሉ ፈጽሟል፤ ልጆቹ መውጣቴን የሚያውቁት ጠዋት ሲነሡ ነው።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ወራት ውስጥ በሩ አምስት ጊዜ አልከፈት ብሎኛል። አምስቱንም ጊዜ በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ሞተሩን ሲሆን፣ አምስቱንም ጊዜ ጥፋቱ የሌላ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሞተሩ ደካማ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የማማርረው ችግሩ ምን እንደሆነ ለሰው በሚገባ ቋንቋ ባለመናገሩ ነው።

ከሁሉም የከፋው ባለፈው ዲሴምበር የደረሰው ነው። እኩለ ሌሊት ገደማ ከጋራዡ በኩል የጥይት ተኩስ የሚመስል ድምፅ ሰምተን ሁላችንም ተነሣን፤ ወርጄ ባይ የወደቀም የተሰበረም ነገር ስላላገኘሁ ተመልሼ ተኛሁ። በ10 ሰዓት ሪሞቱን ስጫን ሞተሩ በሩን አንድ ስንዝር ያህል አንሥቶ ቆመ፤ መብራቱም ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ መጫኔ ስሕተት እንደነበረ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ቀና ብዬ በእጅ ባትሪ ሳበራ፣ ከበሩ በላይ ባለው ዘንግ ላይ ከተጠመጠሙት ሁለት ሞላዎች አንደኛው ለሁለት ተከፍሎ በመካከሉ የሦስት ጣት ክፍተት ይታያል። ሌሊት የሰማነው ድምፅ እርሱ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀውን ነገር ማስረዳት ይገባኛል። ሁለት መኪና የሚያስገባ የብረት በር ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ይህን ክብደት የሚሸከመው ግን ሞተሩ ሳይሆን ሞላው ነው። ሞላው ጤነኛ ሲሆን በሩን ሰው በአንድ እጁ ሊያነሣው ይችላል፣ የሞተሩም ድርሻ ያንን ቀላል ግፊት መተካት ብቻ ነው። የተለመደው ሞላ የሚሠራው ለ10,000 ያህል መክፈትና መዝጋት ሲሆን፣ በቀን አራት ጊዜ የሚከፈት በር ይህን ቁጥር ሰባት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ይጨርሰዋል። የእኛዎቹ ሞላዎች ከቤቱ ጋር የመጡ ናቸው፤ እኛም ሁለት መኪና ያለን፣ አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣ ቤተሰብ ነን።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሞተሩን የገጠመልኝ ሰው የሞላውን ጤንነት ሳይፈትሽ ሄዷል፤ ፍተሻው ግን ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነው። በሩ ተዘግቶ ሳለ ከሞተሩ ሐዲድ ላይ የተንጠለጠለውን ቀይ ገመድ በመሳብ በሩን ከሞተሩ ማላቀቅ፣ በእጅ እስከ ግማሽ ማንሣትና ቀስ ብሎ መልቀቅ ብቻ ይበቃል። በሩ ባለበት ከቆመ ሞላው ይሠራል፤ ወደ ታች ከወረደ ወይም ወደ ላይ ከተፈናጠረ ሚዛኑን ስቷል ማለት ነው። እኔ ይህን ባለማወቄ አዲሱ ሞተር ለ13 ወራት ያህል ከድርሻው በላይ ሲሸከም ኖሯል።

ጥገናውን የሠሩልኝ በዚህ ሙያ የቆዩ የአገራችን ሰው ናቸው። ካቻቢቴ ይዤ መሰላል ላይ ሲያገኙኝ መጀመሪያ ያሉኝ፣ «ወንድሜ፣ ውረድ! ያ ሞላ እጅህን ይዞት ይሄዳል» የሚል ነበር። ያልተሰበረው ሁለተኛው ሞላ እንደተወጠረ ስለሆነ ያለ ልዩ መሣሪያ መፍታት አጥንት የሚሰብር ሥራ ነው። ከዚህ የማያንስ አደጋ ያለው ሞላው በተሰበረበት፣ በሩም ክፍት በሆነበት ጊዜ ቀዩን ገመድ መሳብ ነው፤ በሩ የሚይዘው አጥቶ በሙሉ ክብደቱ ይወርዳል። ሁለቱንም ሞላዎች በ380 ዶላር ቀየሩልኝ፤ እኩል ያገለገሉ ስለሆኑ አንዱን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን መሆኑንም አስረዱኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጸጥተኛ ነው ያልኩት ሞተር ከቀድሞውም ይልቅ ጸጥ ብሏል።

ሁለተኛው ታሪክ የሚያስቅ ነው። ጎረቤቶቻችን የበዓል መብራታቸውን ሲያወርዱ እኛ እስከ ራሳችን ገና ድረስ የደጁን መብራት አላወረድንም ነበር። በዓሉ ሊደርስ ሰሞን ዝናብ ዘነበና ከጋራዡ በኩል በየ30 ሴኮንዱ የሚጮኽ ድምፅ ተጀመረ። የጭስ ማስጠንቀቂያው መስሎኝ ባትሪውን ቀየርኩለት፤ ድምፁ ግን አልቆመም። በሦስተኛው ቀን ጩኸቱም ቆመ፣ በሩም ከነጭራሹ አልንቀሳቀስ አለ። ለካ ውኃ የገባበት የደጁ ሶኬትና የሞተሩ ሶኬት በአንድ መስመር ላይ ኖረው፣ በግድግዳው ላይ ያለው፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ ራሱን የሚያጠፋው ሶኬት መስመሩን አቋርጦት ነበር። ሞተሩ በመጠባበቂያ ባትሪ ሲሠራ ቆይቶ ባትሪው እያለቀ መሆኑን ነበር የሚጮኸው። ዋናውን የኤሌክትሪክ ሳጥን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ያየሁ ሰው፣ መፍትሔው የዚያን ሶኬት ትንሽ ቁልፍ መጫን ሆነ። የስልክ መተግበሪያው ማስጠንቀቂያ አለመላኩ አሳዝኖኛል። መብራት ከሰፈሩ ሁሉ በሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ የቤቱ ኢንተርኔት አብሮ ስለሚጠፋ፣ መተግበሪያው በሚያስፈልግበት ሰዓት የለም።

በጁላይ እናቴ ከደሴ ልትጠይቀን መጣች። በመጣች በሳምንቷ የሁለቱም መኪኖች ሪሞት በአንድ ቀን ሥራ አቆመ፤ በግድግዳው ላይ ያለው ማዘዣ ግን በሩን ይከፍታል። ባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ቀየርኩ፣ ሪሞቶቹን እንደገና ከሞተሩ ጋር አስተዋወቅኩ፤ ምንም ለውጥ አልነበረም። በማዘዣው ላይ አንዲት ትንሽ መብራት ስትበራና ስትጠፋ ያየሁት ማታ ነው። እናቴ የጋራዡን መብራት የምታጠፋ መስሏት የተጫነችው፣ ሰው ለረጅም ጊዜ ከቤት ሲርቅ ሪሞቶችን ሁሉ እንዲያግድ የተሠራውን ቁልፍ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው እየሠራ ሪሞቱ ብቻ እንቢ ሲል አስቀድሞ መታየት ያለበት ይህ ነው።

በሴፕቴምበር ያጋጠመኝ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል፣ ግን ይበልጥ ግራ የሚያጋባ ነበር። ሪሞቱ በመጀመሪያ ከመንገድ ላይ ሆኜ ስጫነው ይሠራል፤ ረስቼ የወጣሁትን ዕቃ ለመውሰድ ወዲያው ስመለስ ግን በሩ ሥር ካልቆምኩ አይሰማም። አምስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ይስተካከላል። ምክንያቱ ሞተሩ ላይ የገጠምኳቸው ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ነበሩ። በሩ ሲንቀሳቀስ የሚበራው መብራት ለአራት ደቂቃ ተኩል ያህል ሳይጠፋ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ አምፖሎቹ የሚረጩት የሬዲዮ ሁከት የሪሞቱን ምልክት ይሸፍነዋል። አምፖሎቹን አውጥቶ መሞከር ችግሩን በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ ለጋራዥ ሞተር ተብለው የሚሸጡ አምፖሎችም አሉ።

በፌብሩዋሪ ብርድ የበሩ የታችኛው ጎማ ከወለሉ ጋር በበረዶ ተጣብቆ አልነሣ ማለቱን በአጭሩ ልለፈው። ደጋግሞ ማዘዝ ጎማውን ይቀድዳል፣ ቺንጊያውንም ይጎዳል፤ የፀጉር ማድረቂያና ትዕግሥት በቂ ናቸው።

ከሰው እንደምሰማው በር አልከፈት ሲል ብዙዎች ከወለሉ አጠገብ ያሉትን ሁለት ሴንሰሮች መጥረግ ይጀምራሉ። በአሜሪካ ከ1993 ጀምሮ የሚሠሩ የቤት ጋራዥ ሞተሮች ሰው በበሩ ሥር እንዳይያዝ የሚከላከል ተጨማሪ መሣሪያ እንዲኖራቸው ሕጉ ያስገድዳል፤ ሴንሰሮቹ ከወለሉ ከ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ የማይሉትም በወለል ላይ ያለ ሕፃን እንዳያመልጣቸው ነው። ሥራቸው ግን በሩ እንዳይዘጋ ማገድ ነው። መክፈትን ስለማያግዱ፣ በሩ አልነሣ ሲል እነርሱን ማጽዳት ጊዜ ማጥፋት ነው።

ይህን ሞተር ድጋሚ እገዛው ነበር ወይ ለሚለኝ መልሴ አዎን ነው፤ ነገር ግን ከመገጠሙ በፊት ሞላው እንዲፈተሽ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ሞተሩ ችግር ሲያገኝ ሁለት ቀስቶችን በተለያየ ቁጥር እያበራና እያጠፋ ይነግረናል፤ የብልጭታው ትርጉም ያለው ግን በመመሪያው መጨረሻ ገጽ ላይ ብቻ ነው። በሌሊት፣ መንገደኛ እየጠበቀኝ፣ ብልጭታ ቆጥሬ ሠንጠረዥ እንድፈልግ መጠበቅ ለዚህ ዋጋ የሚመጥን አሠራር አይደለም። ስለዚህ ያንን ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ከግድግዳው ማዘዣ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ እናቴ የተጫነችውን ቁልፍም በፕላስተር ሸፍኜዋለሁ።