ቲንክፓድ ቲ60 ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ 4 ጊጋባይት ራም ተሰክቶ ለምን 3 ይታያል?

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ባለችው የጽሕፈት አገልግሎት ቤቴ ይህ ላፕቶፕ ከመስከረም ጀምሮ ሲሠራ ይውላል። ማመልከቻው፣ ውሉ፣ የሂሳብ ሠንጠረዡ ሁሉ የሚዘጋጀው በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ቢሆንም የቁልፍ ሰሌዳው ዛሬ ከሚሸጡት ከብዙዎቹ ይበልጥ ለጣት ይመቻል። ባትሪው አርጅቷል፤ መብራት ሲጠፋ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት ያህል ብቻ ያደርሳል።

በሰፊው መናገር የምፈልገው ስለ ራሙ፣ ማለትም ማሽኑ እየሠራ ያለውን ነገር ለጊዜው ስለሚይዝበት ማህደረ ትውስታ ነው። ሁለቱም ማስገቢያዎች ላይ ባለ 2 ጊጋባይት ራም አለ፤ የሚታየው ግን 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። ራሙ ምንም አልሆነም። ማሽኑ እያንዳንዱን ባይት የሚያገኘው በአድራሻ ቁጥሩ ነው፤ ባለ 32 ቢት አድራሻ 4,294,967,296 ባይት፣ ማለትም 4 ጊጋባይት ድረስ ብቻ ይቆጥራል። ከዚሁ ክልል ላይኛው ክፍል ደግሞ ግራፊክሱ፣ የኔትወርክ ካርዱና ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም) የየራሳቸውን ድርሻ ይይዛሉ። እነሱ በያዙት አድራሻ የተሸፈነው ራም የቤት ቁጥር እንዳልተሰጠው ቤት ነው፤ ቆሞ ይታያል፣ ደብዳቤ ግን አይደርሰውም።

በየሱቁ የሚሰጠው መድኃኒት «ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ጫንበት» የሚል ነው። ለብዙ ማሽን ይሠራል፤ ለዚህኛው አይሠራም። ፕሮሰሰሩ ኮር 2 ዱዎ ስለሆነ ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ጭኜበታለሁ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ገደቡ ያለው ፕሮሰሰሩን ከራሙ ጋር በሚያገናኘው ቺፕ፣ በኢንቴል 945 ቺፕሴት ላይ ነው፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ አድራሻ የለውም፣ የተሸፈነውንም ራም ወደ ላይ አዛውሮ ሊያሳይ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲም እንዲሁ ነበር፦ ፕሮሰሰሩ 1 ሜጋባይት ሊደርስ ሲችል ለፕሮግራም የተተወው 640 ኪሎባይት ነው፤ ቀሪው አድራሻ ለስክሪንና ለሮም (መብራት ሲጠፋ ለማይጠፋው ቋሚ ማህደረ ትውስታ) ተይዟል።

ለጽሑፍና ለሂሳብ ሥራ 3 ጊጋባይት አላነሰኝም። ብዙ ድረ ገጽ በአንድ ጊዜ ሲከፈት ግን ማሽኑ ይንቀረፈፋል፤ በአዳማ የበጋ ሙቀት ላይ ማራገቢያው ጩኸቱን ያበዛዋል። ስለዚህ ቲ60 ላላችሁ አንድ ባለ 2 እና አንድ ባለ 1 ጊጋባይት ራም ይበቃችኋል፤ የተረፈውን ገንዘብ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ግዙበት፣ ልዩነቱ የሚታየው እዚያ ነው። ከ4 ጊጋባይት በላይ የግድ የሚያስፈልገው ሰው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን ቲ61 ይፈልግ፤ ኢንቴል 965 ቺፕሴቱ ከዚያ በላይ ያለውን አድራሻ ያውቃል።