10 ወር ከትንሿ ጄኔሬተር ጋር፦ ካምፐራችን መብራት እምቢ ያለበት ሌሊት

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቴ ግን በጄኔሬተሯ ላይ አይደለም፤ በሸጠልኝ ሰው ላይ ነው። ሰሞኑን ሁለት ጓደኞቼ ካምፐር፣ ያን ለጉዞ የሚሆን ባለ ጎማ ቤት፣ ሊገዙ ተነስተው "ጄኔሬተርህ እንዴት ናት?" ብለው ሲጠይቁኝ ያ ሌሊት እንደገና ትዝ አለኝ፤ እነሱም እንደኔ በብርድ እንዲማሩት አልፈልግም።

የምንኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ባለፈው ዓመት ባለ 30 አምፕ ያገለገለ ካምፐር ገዛን፤ በመኪና የሚጎተተውን ማለቴ ነው። ልጆቹ ተራራ ይወዳሉ። እናቴም ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ስለነበር ድንኳን ውስጥ መሬት ላይ አላስተኛትም ብዬ ነው የቸኮልኩት።

ጄኔሬተሯ ኢንቨርተር የሚሏት ዓይነት ናት። ካርቶኗ ላይ 2200 ዋት ይላል። እሱ ለአፍታ የምትሰጠው ጉልበት ነው፤ ሳትቋረጥ የምትሰጠው 1800 ነው። 21 ኪሎ ገደማ ስለሆነች ብቻዬን አንስቼ መኪና ላይ እጭናታለሁ። ድምጿ ጎረቤት አይረብሽም። ስለ እሷ ክፉ የምናገረው ብዙ የለኝም።

ሻጩን የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። "ካምፐሬን ትችላለች?" "ምን ችግር አለው፣ መሰካት ብቻ ነው" አለኝ። የካምፐሩ ስፒና ትልቅ ስለሆነ ወደ ተራ ሶኬት የምታወርድ አጭር ገመድ ሸጠልኝ። ቀጥሎ ሰርጅ ፕሮቴክተር አሳየኝ፤ ወደ ካምፐሩ የሚገባውን መብራት መርምሮ ችግር ካየ የሚዘጋ ዕቃ ነው። "የካምፕ መብራት አይታመንም፣ ይህን ሳትይዝ እንዳትወጣ" አለ። እሱንም ገዛሁ። ሦስቱንም በአንድ ጋሪ ገፍቶ መኪናዬ ድረስ ያደረሰልኝ እሱ ራሱ ነው። ይህን ያዙልኝ።

የመጀመሪያ ጉዟችን ጁን ላይ ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ነበር፣ ግላሲየር ቤዝን የሚባለው የካምፕ ቦታ። እዚያ የመብራት ምሰሶ የሚባል ነገር የለም። ከፍታው 2600 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባም ይበልጣል። ጁንም ሆኖ ሌሊቱ ይቆረጥማል። ጄኔሬተሯን ሳስነሳት በሁለተኛው ሳብ ተነሳች። አረንጓዴ መብራቷ በራ። ገመዱን ሰካሁ፣ ፕሮቴክተሩን ሰካሁ፣ ጠበቅኩ። ፕሮቴክተሩ መስኮት ላይ የስህተት ቁጥር ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ካምፐሩ ውስጥ ግን ምንም የለም።

ነቀልኩ፣ ሰካሁ። አጥፍቼ አስነሳሁ። ያው ነው። የጠረጴዛ መብራት በቀጥታ ጄኔሬተሯ ላይ ስሰካ ቦግ ብሎ በራ። ካምፐሩ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት ቤታችን ደጃፍ ላይ ከቤት መብራት ጋር ተገናኝቶ በደንብ ሠርቷል። ታዲያ ምን ሆኑ? አጠገባችን የሰፈረ ሰው መጥቶ አየና "ፕሮቴክተሩን አውጥተህ ጣለው፣ ወዲያው ይሠራልሃል" አለኝ። በቅንነት ነው ያለው። እኔ ግን አንድ ዕቃ "አላሳልፍም" ሲል ምክንያቱን ሳላውቅ ልጆቼ በተኙበት ቤት ውስጥ አላልፈውም አልኩ። በዚህ ውሳኔዬ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ማሞቂያው በጋዝ ነው የሚሠራው፤ አየሩን የሚገፋው ማራገቢያ ግን ባትሪ ይፈልጋል። ባትሪያችን ደክሞ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ማራገቢያው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። እናቴን በጋቢዋ ላይ ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ ደረብንላት። "እኔ ደህና ነኝ፣ ልጆቹን አልብስ" ትላለች። ውጭ 600 ዶላር ያወጣሁባት ማሽን ነዳጅ ሞልታ ተቀምጣለች። ያን ሌሊት አልረሳውም።

ቤት እንደተመለስን ጋሼ የምላቸው ጎረቤታችን ጋ ሄድኩ። አዲስ አበባ መብራት ኃይል ለብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። ቴስተራቸውንና ካቻቪቴያቸውን ይዘው መጡ። መጀመሪያ ጋራዡ ሶኬት ላይ ለኩ። ፌዝና ኒውትራል መሃል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሚመጣበትና በሚመለስበት ሽቦ መሃል፣ 120 ቮልት። ፌዝና ግራውንድ፣ የአደጋ መከላከያው ሽቦ፣ እሳቸው ኧርዝ ነው የሚሉት፣ ያው 120። ኒውትራልና ኧርዝ መሃል ዜሮ። ከዚያ ጄኔሬተሯን አስነሱና ያንኑ ለኩ። ፌዝና ኒውትራል 120። ፌዝና ኧርዝ 60 ገደማ። ኒውትራልና ኧርዝም 60 ገደማ። ቴስተሩን ወደኔ አዙረው "ይኸው ልጄ፣ ማሽኗም ጤነኛ ናት፣ ካምፐሩም ጤነኛ ነው። ማሰሪያው ነው የጠፋው" አሉኝ።

ያስረዱኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ። በቤት መሥመር ኒውትራልና ግራውንድ መነሻው ላይ፣ ዋናው የብሬከር ሳጥን ጋ፣ አንድ ቦታ ብቻ ይታሰራሉ። ምሰሶ ያለው የካምፕ ቦታም ማሰሪያው ከመሥመሩ መነሻ ይመጣል። ካምፐር ውስጥ ደግሞ ሁለቱ ሆን ተብሎ ተለያይተው ነው የሚቀመጡት፤ ማሰሪያው ከመነሻው ይመጣል ተብሎ ስለሚታሰብ። የኔ ጄኔሬተር ላይ ግን ጭራሽ አልታሰሩም፤ ኒውትራሉ ተንሳፋፊ ነው ይሉታል። መሰርሰሪያ ወይም መብራት በቀጥታ ለሚሰካባት ሰው ይህ ጉድለት አይደለም። ካምፐር ሲመጣ ነው ጣጣው። ሽቦ ተልጦ የካምፐሩን ብረት ቢነካ ኤሌክትሪኩ ወደ ጄኔሬተሯ የሚመለስበት መንገድ የለውም። መንገድ ከሌለ ብሬከሩ አይወርድም። ብረቱ እንደዚያው ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፣ ማንም ሳያውቅ። ፕሮቴክተሩ ያየው ይህን ነው። ኧርዙ የተቆረጠ መስሎት ዘጋ። ሥራውን ነው የሠራው።

መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? አንዲት ስፒና። ተራ ባለ ሦስት እግር ስፒና፣ ውስጧ ኒውትራሉንና ግራውንዱን የምታገናኝ አጭር ሽቦ ያለባት። ፌዙ ባዶ ነው። ጋሼ ጋራዥ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ሠሯት። ብሎኑን አጥብቀው ሽቦዋን ሳብ ሳብ አድርገው አዩ። ከዚያ በቴስተር የፌዙ እግር ከምንም ጋር አለመገናኘቱን ሦስት ጊዜ ፈተሹ። ሦስት ጊዜ! በጄኔሬተሯ ሁለተኛ ሶኬት ላይ ሰኳት። ካምፐሩን አገናኘን። ፕሮቴክተሩ ትንሽ ቆየና ጠቅ አለ። ውስጥ ያለው ማይክሮዌቭ ጲ ብሎ ሰዓቱን አሳየ። ልጄ ከውስጥ "መብራት መጣ!" ብላ ጮኸች።

ተዘጋጅታም ትሸጣለች፣ ከ20 ዶላር በታች። በኤሌክትሪክ ሥራ እጃችሁ ካልተፈታ የተዘጋጀችውን ግዙ። ሁለት ነገር ግን ጠብቁ። አንደኛ፣ ይህች ስፒና የቤት ሶኬት ላይ ወይም የካምፕ ምሰሶ ላይ በፍጹም አትሰካም። እዚያ ማሰሪያ አለ፤ ሁለተኛ ስትጨምሩበት የኒውትራሉ ኤሌክትሪክ በግራውንዱ ሽቦ መሄድ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ከፋብሪካው ታስረው የሚመጡ ጄኔሬተሮችም አሉ፣ እነሱ አያስፈልጋቸውም። ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። እኔ የኔዋ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልዬ በሲባጎ ከጄኔሬተሯ እጀታ ጋር አስሬያታለሁ፤ ብቻዋን የትም አትሄድም።

በነገራችን ላይ፣ ጋሼ ያስጠነቀቁኝ ሌላም ነገር አለ። ቤታችሁ ደጃፍ ላይ ለካምፐር ባለ 30 አምፕ ሶኬት የምታስገቡ ከሆነ ለሠራተኛው 120 ቮልት መሆኑን አፍ አውጥታችሁ ንገሩት። መልኩ የልብስ ማድረቂያ ሶኬት ስለሚመስል 240 የሚያስገቡ አሉ። ያኔ ካምፐሩ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ተቃጠለ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ ወጥተናል። አንድም ቀን አላሳፈረችንም። ግን ልክ አላት። ያቺ አጭር ገመድ የስፒናውን ቅርጽ ነው የምትቀይረው፤ ጉልበት አትጨምርም። ስለዚህ ከመሰካቴ በፊት ፍሪጁንና የውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ አዞራለሁ። የውሃ ማሞቂያው ብቻውን 1400 ዋት ይበላል። ባትሪው ባዶ ሲሆን ቻርጀሩም ቀላል አይደለም። ተራራ ላይ ከፍታውም ጉልበት ይወስዳል፤ በየ300 ሜትሩ 3.5 ከመቶ ያህል። ግላሲየር ቤዝን ላይ 1800ው ወደ 1250 ይወርዳል። ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ይዛ መጥታ ነበር፣ 1500 ዋት ነው። ሊጡ ምጣዱ ላይ እንደፈሰሰ ጄኔሬተሯ አጉረመረመች፣ ቀይ መብራት አብርታ አቋረጠች። ያ እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ቀረ። ይህንንም ማንም አልነገረን።

ጭሱን በተመለከተ አልደራደርም። ከካምፐሩ ቢያንስ 6 ሜትር አርቄ፣ ማርሚታውን ወደ ውጭ አዙሬ ነው የማስቀምጣት፤ ነፋሱ ሲዞር ተነስቼ ቦታዋን እቀይራለሁ። ሽታ የሌለው ጋዝ ነው የሚገድለው። ለበረዶው ወራት ሳስቀምጣት ደግሞ ቤንዚኑን ጨርሳ እንድትጠፋ አደርጋለሁ፤ ካርቡሬተር ውስጥ ያደረ ቤንዚን ይደፍናል። ባለፈው ሳምንት ሳስነሳት ምንም አላስቸገረችም።

እና ሻጩ። አሁን ፊቴ ቢቆም የምለውን አውቃለሁ። "አልጠየቅከኝም" ይለኛል። ጠይቄሃለሁ። ካምፐሬን ትችላለች ወይ ብዬሃለሁ። "ፕሮቴክተሩ ነው እንጂ ጄኔሬተሯ ምንም የላትም" ይለኛል። ፕሮቴክተሩንም የሸጥክልኝ አንተ ነህ! ሁለቱ አብረው እንደማይሠሩ እያወቅክ ከሆነ ጥፋት ነው፤ ሳታውቅ ከሆነ "መሰካት ብቻ ነው" አትበል። 20 ዶላር የማትሞላ ዕቃ ካርቶኑ አጠገብ ብታስቀምጥ እናቴ ያን ሌሊት አትንቀጠቀጥም ነበር።

ጓደኞቼ "ትገዛታለህ ወይ እንደገና?" አሉኝ። ያኔ ጁን ላይ ብትጠይቁኝ በግማሽ ዋጋ እሸጥላችሁ ነበር። ዛሬ እገዛታለሁ፣ አሁኑኑ። ከዚያ ሱቅ ግን አይደለም። ዘንድሮም ጁን ላይ ያንኑ ቦታ ይዘናል። ጋሼም አብረውን ይመጣሉ። ምጣዱ ቤት ይቀራል፤ እንጀራው ተጋግሮ ነው የሚሄደው።