ደንበኛ ሲመጣ ቦታ የሚለቅ ጌም፦ ኦፕን ቲቲዲ

የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ነው ያለኝ። ላፕቶፑ አንድ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ። ዎርዱም፣ ፕሪንተሩም፣ ደንበኛ ፋይል የሚልክበት ቴሌግራምም እሱው ላይ ነው። ስለዚህ ጌም ስጭን መጀመሪያ የማየው ግራፊክሱን አይደለም፤ ሰው በሩ ላይ ሲቆም ወዲያው ይለቀኛል ወይ?

በፊት የነበረኝ የኳስ ጌም አይለቅም ነበር። አንዲት እናት ማመልከቻ ሊያጽፉ መጥተው ወደ ዎርድ ልሻገር ኦልት ታብ ብጫን ስክሪኑ ጠቁሮ ቀረ። «ልጄ፣ 6 ሰዓት ሳይሞላ ማስገባት አለብኝ» እያሉኝ ፓወሩን ተጭኜ አጠፋሁት። ጠዋት ጽፌ ሴቭ ያላደረግኩት የሌላ ሰው ሲቪም አብሮ ሄደ። የዚያኑ ዕለት አራገፍኩት።

ኦፕን ቲቲዲን ከያዝኩ 3 ወር ሆነኝ። ባቡር፣ አውቶቡስ፣ መርከብና አውሮፕላን አሰማርታችሁ የድንጋይ ከሰል ወደ ኃይል ማመንጫ፣ ሰው ከከተማ ከተማ የምታመላልሱበት ነው። በነጻ ይወርዳል፤ የሚበላው ዳታም ከአንድ ፊልም ያነሰ ነው። የጌሙ መነሻ ክሪስ ሶየር በ1994 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ለዶስ ያወጣው ትራንስፖርት ታይኩን ነው፤ በዶስ ዘመን ጌም ከተከፈተ ማሽኑ የጌሙ ብቻ ነበር። በ2004 ኦፕን ቲቲዲን ያወጣው ስዊድናዊው ሉድቪግ ስትሪጌውስ ደግሞ ያችን ትንሽዬ የፋይል ማውረጃ ዩቶሬንትን የሠራው ሰው ነው። ማሽን ማስጨነቅ አይወድም መሰለኝ።

የሚከፈተው በመስኮት ነው። ግማሹን ስክሪን ለእሱ፣ ግማሹን ለዎርድ ሰጥቼ እውላለሁ። ዎርድ አይጎተትም፤ ፕሪንተሩ 40 ገጽ እያወጣም ባቡሮቼ መንገዳቸውን ይሄዳሉ። ፋኑ የሚጮኸው ታብን ተጭኜ ጊዜውን ሳፈጥን ብቻ ነው። ባትሪዬ ስለሞተና መብራት ስለማይታመን በየ10 ደቂቃው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ አዝዤዋለሁ፤ መቼ እንዳደረገ እንኳ አላውቅም።

አንድ ጠባይ ግን አለው። ትታችሁት ወደ ሌላ ሥራ ስትዞሩ አይቆምላችሁም። የጌሙ አንድ ዓመት በእኛ 12 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ኤፍ 1 ተጭናችሁ ካላቆማችሁት የአንድ ሰው መታወቂያ ኮፒ አድርጋችሁ እስክትመለሱ ወራት አልፈዋል። ባለፈው ሳምንት የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ስጠርዝ ረሳሁት። ስመለስ አውቶቡሴ የባቡር ማቋረጫው መሃል ተበላሽቶ ቆሞ፣ የራሴው የከሰል ባቡር ጨፍልቆታል። ተማሪው ከትከሻዬ በላይ አይቶ «ጋሼ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ። ቢሆንም ከጠቆረ ስክሪን ይሻለኛል፤ የተጨፈለቀ አውቶቡስ በጌም ብር ይተካል።

መነጽር የምታደርጉ፣ ፊደሉ መጀመሪያ ላይ ደቃቅ ነው። ጌም ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ የኢንተርፌሱን መጠን እጥፍ አድርጉት።