አዳማ ላይ «24 ቮልት» የተለጠፈበት ሶሌኖይድ የምትገዙ ተጠንቀቁ

የተቃጠለው ሽቦ ሽታ ከእጄ ሳይለቅ ነው ይህን የምጽፈው። መናኸሪያ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ሱቆች በአንዱ ሶሌኖይድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲገባበት ማግኔት ሆኖ የብረት ዘንግ የሚስብ የሽቦ ጥቅል፣ ገዝተን ተበላን። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፤ «የለም» አይልም። «ሐሙስ ከመርካቶ ይገባልሃል፣ ቀብዱን በቴሌብር ላክ» ይላል፤ ሐሙስ ሲደርስ ዕቃው «መንገድ ላይ ነው»።

ለዲዛይን ፕሮጀክታችን ፒንቦል፣ ያዘነበለ ሰሌዳ ላይ ኳስ ወደ ታች እንዳታመልጥ በክንፍ እየመቱ የሚጫወቱበትን ማሽን፣ እየሠራን ነው። ሰሌዳውን ከኮምፔንሳቶ ቆርጠን 6.5 ዲግሪ አዘንብለነዋል። 80 ግራም የምትሆነውን ባለ 27 ሚሊሜትር የብረት ኳስ ሽቅብ የሚመታት ክንፍ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሶሌኖይዱ ነው፤ እሱ ከሌለ የቀረው ሳጥን ነው። ያዘዝነው ሁለት ሶሌኖይድ ሲሆን እያንዳንዱ ባለ 24 ቮልት፣ 2 አምፔር ነበር። ወረቀት ላይ ጽፈን ሰጠነው፤ የከፈልነውም የዚያኑ ዋጋ ነው።

ገጥመን ስንሞክረው ኳሷን አስፈነጠራት፤ ጮኸን ጨፈርን። ትንሽ ቆይቶ ሽታው መጣ። ቁልፉን ተጭናችሁ ቆይታችሁ ይሆናል የምትሉ ካላችሁ፣ አይደለም፤ ክንፉ ጫፍ ሲደርስ ኃይሉን የሚቀንስ ማብሪያ አለው። ሙቀቱ ሙጫውን ሲያላቅቀው «24» የሚለው ወረቀት ተነሣ፤ ከሥሩ የፋብሪካው ጽሑፍ ወጣ፦ 12 ቮልት። ያልተቃጠለውን ሁለተኛውን ሬዚስታንሱን በቴስተር ለካነው፤ 24 ቮልት ለ2 አምፔር ሲካፈል 12 ኦም መሆን ሲገባው 6 ሆነ። በ24 ቮልት ሲሠራ ከአቅሙ 4 እጥፍ ኃይል ይገባበታል፤ እንዴት አይቃጠል!

ይዘንለት ሄድን። ሰውየው ተቀበለኝ፣ አገላበጠው፣ ቅንጣት አልደነገጠም። ከዚያ ያችን የተነሣች ወረቀት በጥፍሩ ይዞ፣ ዓይኔ እያየ፣ ሙሉ በሙሉ ላጣት። በሁለት ጣቱ አድበልብሎ ወለሉ ላይ ጣላት። «ይኸው፣ 12 ነው የሚለው። በ24 አሠራው ያለህ ማነው?» አለኝ። ገንዘባችንን መልስ ስንለው ግድግዳው ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በአገጩ አሳየን። ረዳቱ ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ለብይ መጫወቻ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ጩኸት?» ብሎ ሳቀብን። ያ ብር ከቤት ከሚላክልን ወጪ ላይ ቆርጠን ያዋጣነው ነው። ለእሱ ግን እኛ ብይ የምንጫወት ልጆች ነን።

ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳትለኩ አትክፈሉ፤ መለያ ወረቀቱን በጥፍር ሞክሩት።

ሁለተኛው ሶሌኖይድ ወረቀቱ እንደተለጠፈበት እጃችን ላይ አለ። ነገ ጠዋት ንግድ ጽሕፈት ቤት ይዘነው እንሄዳለን፤ የምንልጠውም እነሱ ፊት ነው።